በሌለ ባቡር ላይ ስለተረጋገጠልኝ ወንበር

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ደምሴ
የአገር አቋራጭ መንገደኞች ወንበር ድልድል ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ በመግቢያ በርዎ ላይ እንደተለጠፈው የሩብ ዓመት ሪፖርት መቶ በመቶ የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኔ የጠየቁ እንደሆነ፣ ወገቤ ላይ ከቀረች አንዲት ሕመም በስተቀር ደህና ነኝ፤ እርሷንም ቢሆን ያገኘኋት በጽሕፈት ቤትዎ አገልግሎት ስለሆነ በአክብሮት ነው የያዝኳት።

ስሜ ታቢታ ብርሃኑ ይባላል፤ ነዋሪነቴ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ነው። በስታቲስቲክስ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሠላሳ አንድ ማመልከቻ አስገብቼ ሠላሳው ዝም ብሎኝ፣ ሠላሳ አንደኛው ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬን አስጮኸው። አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ለጽሑፍ ፈተና እንድቀርብ ጠራኝ። ደዋይዋ "እንዳታረፍጂ፣ በሩ ይዘጋል" ስትለኝ፣ እኔ ከደስታ ብዛት "ጌታ ይባርክሽ" አልኳት። አዲስ አበባ የሚያሳድረኝ ዘመድ ስለሌለኝ፣ ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከመናኸሪያ በሚነሣው ትልቁ አውቶቡስ መሄድ ነበረብኝ። ቲኬት ልቆርጥ ስደርስ ግን "ሞልቷል" ተባልኩና ጽሕፈት ቤትዎ ሰባተኛ ተጠባባቂ አድርጎ መዘገበኝ። ይህ ደብዳቤ ከዚያ በኋላ ስለተዋለልኝ ውለታ ምስጋና ለማቅረብ የተጻፈ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ባቡሩ አመሰግናለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰኝ መልእክት እንዲህ ይላል፦ "ውድ ተጠባባቂ መንገደኛ፣ እንኳን ደስ አለዎት። በአማራጭ ባቡር የተረጋገጠ ወንበር አግኝተዋል።" ክቡር ሆይ፣ እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ አላት፣ ባጃጅ አላት፣ ከሚያስፈልጋት በላይ የስብሰባ አዳራሽ አላት፤ ባቡር ግን የላትም። በኋላ እንደሰማሁት፣ ወንበር የሚደለድለው ፕሮግራም ባቡር ካለበት አገር በእርዳታ የተገኘ ኖሮ፣ መልእክቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ ባቡሩም አብሮ ገብቷል። ቃሉን የሚያስተካክል ኮሚቴ መቋቋሙንም ሰምቼ ተደስቻለሁ። ኮሚቴው አይቸኩል፤ እስኪጨርስ ድረስ ሐዲዱ ራሱ ተዘርግቶ ሊደርስ ይችላል።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ መልእክቱ የደረሰን ሰባት ሰዎች መናኸሪያ ውስጥ ባቡር ፍለጋ ስንዞር ቢያዩን ኖሮ በሥራዎ ይኮሩ ነበር። ከቡሹሎ የመጡት አባባ አልአዛር በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ስለሠሩ ባቡር ያውቃሉ፤ የበዓል ኮታቸውን ለብሰው "ፉርጎው በየት በኩል ነው የሚቆመው? ሐዋሳ ላይ ሳላየው እሞታለሁ ብዬ ነበር እኮ!" እያሉ ሰውን ሁሉ ይጠይቁ ነበር። በመጨረሻ ፋሲል የሚባል የሚኒባስ ረዳት፣ በሩ በሽቦ የታሰረ መኪናውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ፣ "ባቡሩ ይሄ ነው አባባ፣ ይግቡ፤ ጢሱን ሲያዩት ያምናሉ!" አላቸው። ጢሱን አየነው፤ አመንን። ባቡሩ የሚሄደው እስከ ሻሸመኔ ብቻ መሆኑንም የነገረን ፋሲል እንጂ መልእክትዎ አልነበረም።

ሁለተኛ፤ በትልቁ አውቶቡስ ላይ በክብር ስለተጓዙት አምስት ባዶ ወንበሮች አመሰግናለሁ።

ሚኒባስ ካልሞላ እንደማይነቃነቅ ያውቃሉ። ተቀምጠን ሰው ስንጠብቅ፣ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ትልቁ አውቶቡስ በአጠገባችን ወጣ። ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው ሳይቆጥር ማለፍ አይችልምና ባዶዎቹን ወንበሮች ቆጠርኩ፤ አምስት ናቸው። አንደኛው በመስኮት በኩል ሲሆን መጋረጃው ብቻውን ተንደላቆ ተቀምጦበታል። ዘልዬ ወርጄ ወደ ቲኬት መስኮቱ ስሮጥ፣ እዚያ የምትሠራው ኢየሩስ፣ አንዳችም ክፋት በሌለበት ድምፅ፣ "እነዚያ እኮ በደብዳቤ የተያዙ ናቸው እህቴ፤ በደብዳቤ የተያዘ በደብዳቤ ነው የሚለቀቀው" አለችኝ። የሚለቀቅበትን ደብዳቤ ማን እንደሚጽፍ ብጠይቃት እርስዎ መሆንዎን፣ እርስዎ የት እንዳሉ ብጠይቃት ሐይቁ ዳር ዐውደ ጥናት ላይ መሆንዎን፣ የዐውደ ጥናቱን ርእስ ብጠይቃት ደግሞ "የመንገደኞች የወንበር እጥረትና የመፍትሔ አቅጣጫዎች" መሆኑን ነገረችኝ። ወንበሮቹ ከአዲስ አበባ ለመጡት ተሳታፊዎች መመለሻ የተያዙ ነበሩ፤ ዐውደ ጥናቱ በሁለት ቀን ሲራዘም ተሳታፊዎቹ እዚሁ ቀሩ፣ ወንበሮቹ ግን በቀናቸው ሄዱ። የመያዣው ደብዳቤ ማብቂያ ቀን ስላልተጻፈበትም፣ ይኸው እስከ ዛሬ በየማለዳው አምስት ወንበሮች ያለ ሰው አዲስ አበባ ደርሰው ይመለሳሉ። ከሐዋሳ ነዋሪዎች መካከል እንደ እነርሱ የተጓዘ የለም።

እዚህ ላይ ስለ እትዬ ዘይነብ ሳላነሣ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። እትዬ ዘይነብ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ የሚሸጡ እናት ናቸው። ጽሕፈት ቤትዎ ከመቋቋሙ በፊት፣ ወንበር ያጣ ሁሉ ስሙን በእርሳቸው ደብተር ላይ ያስጽፍ ነበር። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሣ እትዬ ዘይነብ ባዶውን ወንበር በዓይናቸው ቆጥረው "ሦስተኛ! ሦስተኛ የት አባሽ ገባሽ፣ ሩጪ እንጂ!" ብለው ይጮሁና ሦስተኛዋ ሻይዋን ጥላ ትሮጥ ነበር። ደብተሩ ባቡር ልኮ አያውቅም፤ ባዶ ወንበርም ልኮ አያውቅም። ጽሕፈት ቤትዎ ደብተሩን "ሕጋዊ ያልሆነ ሰነድ" ብሎ ማገዱ፣ ፉክክሩ ምን ያህል እንዳሳሰበው ስለሚያሳይ ለእትዬ ዘይነብ ትልቅ ክብር ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ራሱ ስለ ወንበሩ።

የተረጋገጠው ወንበሬ ከስንዝር እምብዛም ከፍ የማይል የእንጨት በርጩማ ሲሆን፣ የተቀመጠውም በሁለት መደዳ መቀመጫዎች መካከል ነው። ፋሲል "ያንቺ የተረጋገጠ ነው፣ ማንም አያስነሣሽም" ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ማንም አልተመኘውም። አባባ አልአዛር በሽበታቸው ደህና መቀመጫ ሲያገኙ፣ ሦስታችን በርጩማ ላይ ሆነን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተንቀሳቀስን። ትራፊክ ፖሊስ በታየ ቁጥር ፋሲል "የተረጋገጣችሁ፣ ጎንበስ!" ይላል፤ እኛም እንጎነበሳለን። ማረጋገጫውን በስልኩ የያዘ መንገደኛ ከትራፊክ ተደብቆ የሚሄድበት አሠራር በየትኛው አገር ልምድ እንደተቀሰመ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ሻሸመኔ ወርጄ መልእክቱን ለአንድ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ረዳት ባሳየው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለመኪናው ሙሉ ሰው አነበበላቸው። "ባቡር ነው እኮ የሚለው! ሐዲዱ ላይ ቁሚ እህቴ፣ ይመጣል!" ሲል ሁሉም ሳቀ፤ ክቡርነትዎ አይቀየሙኝና እኔም ሳቅኩ። ቀጥሎ አንድ ድንች የጫነ አይሱዙ ሾፌር አዝኖልኝ እስከ ሞጆ ጋቢና አስገባኝ። ወንበሩ አልተረጋገጠም ነበር፤ ግን ወንበር ነበር።

አራተኛ፤ ይህ ምስጋና ለጊዜው በተጠባባቂነት ተይዟል፤ ቦታ ሲገኝ በአማራጭ አንቀጽ ይስተናገዳል።

አምስተኛ፤ በሪፖርቱ ውስጥ ስላካተቱኝ አመሰግናለሁ። በርዎ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፦ ተጠባባቂ መንገደኞች 412፤ የተረጋገጠ ወንበር ያገኙ 412፤ አፈጻጸም መቶ በመቶ። ከ412ቱ አንዷ እኔ መሆኔን ሳስብ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ስኬት ተካፋይ በመሆኔ ተከብሬያለሁ። አንዲት ትንሽ አስተያየት ግን ብትፈቀድልኝ፣ ሠንጠረዡ ላይ "የደረሱ" የሚል ዓምድ አጣሁ። አራት ዓመት ስማር መምህራኖቻችን፣ የተነሣውን ቆጥረህ የደረሰውን ካልቆጠርክ ሥራህ ገና ነው ይሉን ነበር፤ ለካ እነርሱም ከዘመኑ ወደኋላ ቀርተዋል።

አሁን ቦታ ስለተገኘ ወደ አራተኛው ልመለስ።

ከሞጆ ሌላ ሚኒባስ ይዤ አዲስ አበባ ፈተናው በር ላይ የደረስኩት ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ነው። በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው እንዳላዝንበት ፊቱን አዙሮ ቆመ። ድምፄን ሰምታ የወጣችው የፈተናው ኃላፊ፣ ሳያት የምትባል፣ ስልኬን ተቀብላ መልእክትዎን አነበበችና "ሐዋሳ ባቡር ገባ እንዴ?" አለችኝ። አልገባም አልኳት። "ታዲያ በምን መጣሽ?" ስትለኝ "በድንች" አልኳት። አልሳቀችም። ልብሴ ላይ ያለውን አፈር አየች፣ ዘበኛውን አየች፣ ከዚያ ወረቀት አውጥታ ስሜን በተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ ጻፈችልኝ። ሰባተኛ ነኝ። በኅዳር የመጀመሪያው ሰኞ፣ በዚያው ሰዓት፣ ተጠባባቂዎች እንፈተናለን። "ይሄ የመጨረሻ ነው፤ ያን ቀን ካረፈድሽ እኔም ምንም ላደርግልሽ አልችልም" አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ጋ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። ሠላሳ ሁለተኛ ማመልከቻ መጻፍ አያቅተኝም፣ እጄ ለምዶታል። ከተፈተንኩ በኋላ ብወድቅም እቀበለዋለሁ፤ አላውቅም ማለት ነው፣ ገብቼ አጠናለሁ። ሳልፈተን መውደቅ ግን እንዴት እንደሚጠና አላውቅም። ስለዚህ ከኅዳር የመጀመሪያ ሰኞ በፊት ከእርስዎ የምሻው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ባቡር አይደለም።

በደብዳቤ የተያዘ በደብዳቤ ይለቀቃል ከተባለ፣ ይኸው ደብዳቤ። ርእስ አለው፣ አድራሻ አለው፣ በአክብሮትም ተጽፏል። እርስዎ በሥራ ብዛት ለመጻፍ ጊዜ ስለሌለዎት እኔ ሥራ የሌለኝ ጽፌልዎታለሁ። የቀረው ከዚህ በታች ባለው ክፍት ቦታ ላይ መፈረም ብቻ ነው፦

"በትልቁ አውቶቡስ ላይ ለዐውደ ጥናት ተሳታፊዎች የተያዙት አምስት ወንበሮች ከዛሬ ጀምሮ ለሰው ተለቀዋል።
የኃላፊው ፊርማ ........................"

አንድ ቅጂ ለኢየሩስ በቲኬት መስኮቱ በኩል ሰጥቻታለሁ፤ "ይፈርሙ እንጂ እኔማ ምን ቸገረኝ፣ ያኔውኑ እከፍታለሁ" ብላኛለች። አንድ ቅጂ እትዬ ዘይነብ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የሚያነቡት ሰዎች ከበርዎ ሪፖርት አንባቢዎች ስለሚበዙ ቅር እንዳይልዎ እለምናለሁ።

በርጩማን ወንበር፣ ሚኒባስን ባቡር፣ ያረፈደችን ደግሞ የተሳካላት ብሎ መመዝገብ በሚችል ሰፊ ልብዎ ላይ ያለኝን አድናቆት ደግሜ እየገለጽኩ፣ ለአንድ ሙሉ ሩብ ዓመት ሳልጎድል የተቆጠርኩልዎ፣

ታቢታ ብርሃኑ
ከ412ቱ አንዷ፣ ለሁለት ቦታ ሰባተኛ ተጠባባቂ
ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ

ማስታወሻ፦ የመሥሪያ ቤትዎ መኪና ጋራዥ መግባቱንና እርስዎ በዚያው በኅዳር የመጀመሪያ ሰኞ የአማራጭ ወንበር ተሞክሮዎን ለማቅረብ አዲስ አበባ መጠራትዎን ሾፌርዎ ለእትዬ ዘይነብ አጫውቷቸዋል። እርሳቸውም እገዳውን ለአንድ ቀን ችላ ብለው ስምዎን በደብተሩ ላይ አስፍረውታል። እኔ አራተኛ ነኝ፤ እርስዎ አምስተኛ ነዎት። ከፈረሙ አምስቱ ወንበሮች ይከፈታሉ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እየተጨዋወትን እንሄዳለን፣ የመስኮቱንም ቦታ እለቅልዎታለሁ። ካልፈረሙ ግን በባቡሩ ነን። ፋሲል ታላቅን ማክበር ያውቃልና ከፍ ያለውን በርጩማ ለእርስዎ አስቀምጧል፤ "ጎንበስ!" ሲል እንዳይዘገዩበት ብቻ አደራ።