እማማን ሰክተን ያነሳነው ድልድይ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ጭር ያለ ቀን። ስምንት ጉርድ ፎቶ ቆረጥኩ። የአንዱን ሰውዬ ጆሮ አብሬ ቆርጬ እንደገና አተምን። ጆሮውም ትንሽ አልነበረም... ምን ነካኝ?

ሰውዬው፣ ባሌ ማለቴ ነው፣ ያንን ትልቅ ካሜራ ሲወለውል ዋለ። በሳምንት ሁለቴ ይወለውለዋል። አቧራ የት አግኝቶ እንደሆነ እንጃ።

ከሰዓት መንገድ ሥራ ቢሮ ደወለ። ወንዙ ላይ ያለው አሮጌው የብረት ድልድይ ሊፈርስ ነው። የካቲት 20 ይነቀላል። ከዚያ በፊት ሠራተኞቹ በሙሉ ላዩ ላይ ቆመው አንድ ትልቅ ፎቶ ይነሱ ተባለ። የቢሮውን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸፍን። እያንዳንዱ ብሎን መታየት አለበት። እንዲህ ያለ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ እኛ ጋ ብቻ ነው ያለው። ሰውዬው ፊቱ ፈካ። ሃያ ዓመት የቀነሰ መሰለኝ። ወዲያው ደግሞ ቁጭ አለ።

"ገመዱስ?" አለ።

እውነቱን ነው። ካሜራው የእንጨት ሳጥን ነው፣ ሙያውን ካስተማረው ጌታው የወረሰው። ፊልም ይገባበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን ዲጂታል ጀርባ ተገጥሞለታል። ጀርባው የዝንብ ቅንድብ ያሳያል፣ ግን ኃይል እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። የራሱ ባትሪ ከሁለት ዓመት በፊት እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ሞተ። ፋብሪካው ደግሞ "አሁን አንሠራም" አለ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ነው የሚኖረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ካሜራው ከሶኬቱ አራት ሜትር ርቆ አያውቅም። ሰውዬውም እንደዚያው።

ሻዩን እያማሰለ "ይሄን ካላነሳሁ ሱቁን እዘጋዋለሁ" አለኝ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ተቆጥቶ ቢሆን አልፈራም ነበር።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ባትሪ ፍለጋው የኔ ሥራ ሆነ። ማን ሾመኝ? ራሴ።

ከጎረቤት ስድስት የስልክ ፓወር ባንክ ለቀምኩ። በላስቲክ ጠፍሬ አሰርኳቸው። ጀርባው አረንጓዴ መብራት አበራ፣ እፍ አለ፣ ሞተ። ሰላም ለማለት ብቻ የመጣ ይመስላል። ወንድሜ መካኒኩ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"እትዬ፣ ስድስት አህያ ተደምሮ አንድ ፈረስ አይወጣውም።"

"ታዲያ ፈረሱ የት አለ?"

"አስራ ሁለት ቮልት ፈልጊ። ዝም ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ።"

ዝም ያለና የማይንቀጠቀጥ... ባል ስመርጥም እናቴ ያለችኝ ይሄንኑ ነው።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ወንድሜ ከጋራዡ የመኪና ባትሪ አመጣ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ከሚቀይር ኢንቨርተር ጋር። ሁለታችን ተሸክመን ግቢ ስናደርስ ወገቤ ቀጭ አለ። ለሙከራ አጥሩ ሥር አቆሙኝ። ኢንቨርተሩ እንደ ንብ ይጮሃል፣ በየደቂቃውም ጢው ይላል። ጢው ባለ ቁጥር ተነሳሁ ብዬ ፊቴን ለቀቅኩት። አስራ አንድ ፎቶ ተነስቼ በአስራ አንዱም አኩርፌያለሁ።

ኩርፊያው ይሁን። ግን ፎቶው ላይ ሁሉ ከላይ እስከ ታች መስመር ተሰምሯል። አጥሩ ፒጃማ የለበሰ ነው የሚመስለው።

"የኢንቨርተሩ ኃይል ንጹህ አይደለም" አለ ሰውዬው። ጥቁሩን ጨርቅ አጣጥፎ ወደ ቤት ገባ።

ኃይልም ይታጠባል እንዴ?

የካቲት 9፣ እሑድ

ጄኔሬተር። ከሰፈራችን በያጅ ተውሰን። ስላደረገው ነገር ባልጽፍ ይሻለኛል... ግን እጽፋለሁ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ፎቶው ላይ ለኔ አራት ዓይን አወጣልኝ። ሰውዬው "ድልድዩን ሳያፈርሱት እኛ ልናፈርሰው ነው" ብሎ አጠፋው።

በዚህ መሃል እማማ ወጡ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ስልክ ቤት ሰው ከሰው ሲያገናኙ የኖሩት ጡረተኛ። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ልጃቸው በባትሪ የሚሄድ ዊልቸር ገዛላቸው። ድምፅ የለውም። የሰፈሩ ወሬ አንድም ሳያመልጣቸው የሚሰሙት በእሱ ነው። ከኋላሽ ደርሰው ቆመው ነው የምታገኚያቸው።

"ምን እየፈጫችሁ ነው?" አሉ።

የወንድሜ ዓይን ዊልቸሩ ላይ ተተክሏል። ጎንበስ ብሎ ከመቀመጫው ሥር እያየ፣

"እማማ፣ ከሥርዎ ያለው ስንት ቮልት ነው?"

"አንተ ባለጌ" አሉት።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ድርድር። እማማ ጋ ብስኩት ይዤ ሄድኩ። የዊልቸሩ ባትሪ ሁለት ነው፣ እያንዳንዱ አስራ ሁለት ቮልት። ዝም ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ። ግን ለማውጣት ወንበሩ በሙሉ መፈታት አለበት።

"ወንበሬ አይታረድም" አሉ።

"ሳይፈታ ገመድ ብናወጣስ? ወንበሩን ለአንድ ቀን ቢያውሱን..."

"እኔስ በምን ልሂድ? ወንበሩ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ። ኃይሉን ስትወስዱ ባለቤቷን እዚህ ጥላችሁ?" ብስኩቱን በሻይ ነከር አደረጉና "ደግሞ ድልድዩን ካየሁት ዘጠኝ ዓመቴ ነው" አሉ። ይሄን ቀስ ብለው።

ለሰውዬው ነገርኩት። "የሰው እናት ሰክቼ ፎቶ አላነሳም" ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ቁጣው ደስ አለኝ። ቢያንስ ተቆጣ።

ከምሳ በኋላ ወንድሜ ከአንደኛው ባትሪ ገመድ አወጣ፣ ፊውዝ አደረገበት። እማማ ግቢያችን መሃል ተሰክተው ተቀመጡ። ፀጥ። አንድ ፎቶ። ሰውዬው ኮምፒውተሩ ላይ አጉልቶ አጉልቶ አየው። የአጥሩን ሚስማር አየ። ሚስማሩ ላይ ያለውን ዝገት አየ።

"መቼ ነው የሚመቻቸው?" አለ።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ሙከራ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠራ። ሰውዬው ያፏጫል። እማማ እንደተሰኩ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

የካቲት 17፣ ሰኞ

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የቢሮው መኪና መጣ። እማማ የሉም። ወንበሩን ሌሊቱን ሙሉ ሞልተው ነበር፣ እኔው ነኝ ሶኬቱን ያየሁት። የት ሄዱ? ለካ ከንጋት ጀምሮ ሰፈሩን በሙሉ እየዞሩ እየተሰናበቱ ነው። ዳቦ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ሁለቱ ፎቆች፣ ዳገቱ ላይ ያለችው ጓደኛቸው ሳትቀር።

"እማማ፣ ድልድይ ጋ እኮ ነው፣ ለምሳ እንመለሳለን።"

"ሰው ሲወጣ ይሰናበታል። ሥርዓት ነው።"

ዳገቱ ባትሪውን ሊገድለው ደረሰ። ወንድሜ መለኪያውን ሰክቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ለአምስት ፎቶ ይበቃል። ስድስት አትበሉ።"

ድልድዩ ላይ አርባ አንድ ሠራተኛ ተሰልፏል፣ ቆብ ለብሰው፣ ቀጥ ብለው። ነገ ብሎን መፍታት ይጀምራሉ፣ ከዚያ ግማሾቹ ወደ ሌላ ቦታ ይበተናሉ። ሁለተኛ ዕድል የለም ማለት ነው። ሰውዬው ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ገባ። እኔ ገመዱን ይዣለሁ። እማማ ካሜራው አጠገብ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዲያደርጉ ተነግሯቸዋል።

የመጀመሪያው፣ ብስክሌት አለፈበት። ሁለተኛው፣ ደመና። ሦስተኛው ላይ ረጅሙ ሰውዬ አነጠሰ። አራተኛው ጥሩ ነበር፣ ግን ፎርማኑ ራሱ ሰዓቱን እያየ ነው።

አንድ ቀረ። ሰውዬው ከጨርቁ ሥር "ትንፋሽ ያዙ፣ ማንም እንዳይስቅ" አለ። ሠላሳ ዓመት የሚላት ናት ይቺ። ይሄን ጊዜ ፎርማኑ ከወዲያ ጮኸ።

"እማማ፣ ጥላዎ ገብቷል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉ።"

እማማ ታዛዥ ናቸው። የወንበሩን መንጃ ዱላ ነኩት። ግን ወንበሩ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ሄደ። ቀጥ ብሎ ወደ ድልድዩ። ገመዱ ይተረተራል፣ እኔ ከኋላ ከኋላ፣ ጥጃ ያመለጠባት ሴት መስዬ። "እማማ ይቁሙ" እላለሁ። "እኔ መቼ ሄድኩ፣ እሱ ነው እንጂ" ይላሉ። አርባ አንዱም ፈነዱ። ቆብ ወደቀ። ረጅሙ ሰውዬ የአጠገቡን ሰው አቅፎ ነው የሳቀው። ሰውዬው ጨርቁ ሥር ምኑንም አያይም...

ጫነው።

ገመዱ ተወጠረ፣ ተነቀለ። ወንበሩም ያንጊዜውኑ ቆመ። ባትሪው ባዶ።

እማማን እየገፋን ተመለስን።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ፎቶውን አየሁት። ድልድዩ ብሎን በብሎን አለ። ሰዎቹ ጥርሳቸው እስኪቆጠር ይስቃሉ። በግራ በኩል የእማማ ወንበር፣ ከኋላ እኔ፣ ገመድ ይዤ፣ ሻሼ ወልቆ፣ አፌን ከፍቼ። የትኛው ጥርሴ እንደተሞላ ሳይቀር ይታያል።

"ይሄን አልሰጥም" አለ። "የሰው መሳቂያ አልሆንም። ብሎ ብሎ በመጨረሻ... በቃ።"

ካሜራውን ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። ሳይወለውለው።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ድልድዩ ዛሬ ተነቀለ። ሰውዬው አላየሁም አለ። መስኮቱ ጋ ቆሞ እንደነበር አውቃለሁ።

ጥፋቱ የኔ ነው? ገመዱን ቀድሜ ብለቀው ኃይሉ ይቋረጥ ነበር፣ ፎቶ የሚባል አይኖርም። ስለያዝኩት ነው የተነሳው። ታዲያ ተሳሳትኩ ወይስ ሠራሁ? እንጃ።

እማማ ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም። አፍረዋል መሰለኝ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ፎርማኑ በራሱ እግር መጣ። "ፎቶው የት ደረሰ፣ ኃላፊው እየጠየቀ ነው።" ሰውዬው ጓዳ ገብቶ ተደበቀ። እንደ ሕፃን። እኔ ኮምፒውተሩን ከፈትኩለት። ሰውዬውን ፈቃድ ሳልጠይቅ።

ፎርማኑ ብዙ ጊዜ አየው። አልሳቀም። በጣቱ አንድ በአንድ ነካቸው።

"እነዚህ ሁለቱ ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ነው የኖሩት" አለ። ረጅሙ ሰውዬና ያቀፈው ሰው ናቸው። "ይሄኛው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ወደ ቆላ ተዛወረ። እንግዲህ ሁላችንም አንድ ላይ ያለነው እዚህ ላይ ነው።" ዞር ብሎ ወደ ጓዳው "ጋሼ፣ ይሄን ነው የምንፈልገው። ለየሰዉም አንዳንድ ኮፒ ይጨመርልን" አለ።

ሰውዬው ከጓዳ ወጣ። መነጽሩን አድርጎ ቆመና አየው፣ ሲያየው የመጀመሪያው ይመስል።

"ብርሃኑስ ጥሩ ነበር" አለ። ወደ እኔ ዞሮ፣ "አፍሽን ብትዘጊው ኖሮ።"

ዘጋሁት። አሁን ምን ዋጋ አለው?

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ሰውዬው በዚህ ሳምንት ሦስተኛ ቀኑ ውጭ ነው። ሰኞ የድንጋይ ካባው ሠራተኞች፣ ትናንት የውሃ ማጠራቀሚያው ሠራተኞች፣ ዛሬ የጡረተኞች እግር ኳስ ቡድን። አርባ አንዱ ሰዎች ፎቶውን በየቤታቸው ሰቅለው ነው ጉዱ የተነዛው።

ወንድሜ አንድ የዊልቸር ባትሪ በቦርሳ አድርጎ፣ ገመዱን አስተካክሎ፣ ለብቻው ሠርቶ አመጣ። ቀላል ነው፣ በትከሻ ይያዛል። ሰውዬው አመስግኖ ተቀበለውና መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ዛሬም እማማን ሰክቶ ሄደ። "ቦርሳ ሰው አያስቅም" ይላል። እማማም ሊፕስቲክ ጀምረዋል።

እኔ ሱቅ ነኝ። ውጣልኝ ብዬ ስለምነው የኖርኩት ሰው ወጣ፣ ቤቱም ጸጥ አለ። ጸጥታውን ፈለግኩት ወይስ ሰውዬውን? ለራሴ እንኳ አልመልስም።

አምስት ሰዓት ላይ አንድ ሰውዬ ለመንጃ ፈቃድ ፎቶ ፈልጎ ገባ። ዙሪያውን አየ፣ መጋረጃውን አየ፣ እኔን አየ።

"ፎቶ አንሺውን ነበር የፈለግኩት" አለ።

መብራቱን አበራሁ። ትንሿን ካሜራ አነሳሁ። ሌንሷን በሻሼ ጫፍ ጠረግኩ።

"ቁጭ ይበሉ" አልኩት።