ርክክብ ለባዶ ወንበር

ጥቅምት 4
ተራ ቀን። ሰባት መርፌ፣ ሁለት ቁስል ማጠብ፣ አንድ አኩራፊ በሽተኛ። ምሳ ሰዓት ላይ "ሬዲዮ" የምንላት ባልደረባዬ እያለከለከች መጣች። ወሬ ከእሷ ቀድሞ ዋርዳችን ገብቶ አያውቅም። "ሰማሽ? ሊዘጉን ነው!" አለችኝ። እንደ ልማዷ መስሎኝ ሳቅኩ... ደብዳቤው ግን ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ሆስፒታላችን በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። እኔ እንድመርጥ ሁለት ቦታ ተሰጥቶኛል። አንዱ የትልቁ ከተማ ሆስፒታል፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ክፍል። ሌላው ከሐይቁ ማዶ ያለች ባለ አራት አልጋ ጤና ጣቢያ። ያለቻት አንዲት ነርስ ናት፤ እሷም ጡረታ ልትወጣ ነው። መልስ እስከ ጥቅምት 25።

ይሄ ምን ምርጫ አለው? የሕፃናቱን ክፍል ከተመረቅኩ ጀምሮ ስመኘው ነው የኖርኩት።

ጥቅምት 5
እናቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። መነጽሯን አወለቀች። "ከተማው ነዋ! ምን ይጠየቃል?" ከዚያ የድሮ አስተማሪነቷ ተነሳባት። "ቢሆንም ሁለቱንም ሂጂና እዪ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል።" ማዶ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው ብዬ ተከራከርኩ። ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ ማን አለ?

ጥቅምት 11
ከተማው።

ሠላሳ ሁለት የሕፃን ማሞቂያ ሣጥን። በአንዱ ውስጥ ሰባት መቶ ሃያ ግራም የምትመዝን ሰው ተኝታለች። ሰው! እግሯ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ከራስጌዋ ያለው ስክሪን እያንዳንዷን የልብ ምት ይቆጥራል። የክፍሉ ኃላፊ እጄን አስታጥባ በሣጥኑ ጎን ባለው ቀዳዳ አስገባችልኝ። ያቺ ሚጢጢ ጣቴን ጨበጠችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። አለቀስኩ። ምን ያሳፍራል?

የጠዋቱ ርክክብ ላይም ቆምኩ። ያደሩት ነርሶች ለገቢዎቹ በሽተኞቻቸውን ሲያስረክቡ አንድ ቃል አይባክንም። ሃያ ሰው፣ ጸጥታ። ኃላፊዋ ስትሸኘኝ "ነይልን፤ የለመደ እጅ እንፈልጋለን" አለችኝ።

አለቀ። እዚህ ነኝ።

ጥቅምት 16
ማዶ። ጀልባ፣ ዝናብ፣ የረጠበ ካልሲ። የጤና ጣቢያዋ ጣሪያ ያፈሳል። ነርሷን ሽማግሌውም ሕፃኑም "እታለም" ነው የሚላት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ናት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቢሮዋ ድምፅ ሰማሁ። በበሩ ሳይ ብቻዋን ናት። ባዶ ወንበር ፊት ቆማ "አልጋ ሦስት፣ ትኩሳቱ ወርዷል፣ ምሳውን በልቷል..." ትላለች። ለወንበሩ! ምስኪን... ብቸኝነቱ አናቷ ላይ ወጥቷል። እኔም እንደ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ብቆይ ግድግዳውን "እንደምን አደርክ" ማለቴ አይቀርም።

ጥቅምት 17
ማታ መመለሻ ጀልባ ስለሌለ እዚያው አደርኩ።

ጎህ ሲቀድ አልጋ አንድ ላይ አንዲት እናት በሰላም ተገላገለች። ሁለት ሰዓት ላይ ከእታለም ጋር አልጋዎቹን ዞርን። እናትየዋ ፈገግ አለችልኝ። ትራሷን አስተካከልኩላትና ወጣን። እታለም ወንበሩ ፊት ቆመች። እኔ ሳቄን ዋጥኩ።

"አልጋ አንድ። ወንድ ልጅ፣ ጡት ይዟል። የእናት የደም ግፊት ደህና ነው። ደም መጠነኛ። ሽንት..." ቆመች። "ሽንት..."

ሮጠች!

ተከትያት ስደርስ አንሶላው በደም ርሷል። የሽንት ፊኛዋ ሞልቶ ማህፀኗን ወደ ላይ ገፍቶታል፤ መኮማተር አቅቶታል። እታለም የሽንት ቱቦ አስገባች። እኔ ሆዷን አሸሁ፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን መርፌ ወጋኋት። ማህፀኗ ከእጄ ሥር ቀስ እያለ ጠነከረ። ደሙ ቆመ። ተመስገን...

እኔም እኮ አብሬ ዞሬያለሁ! ትራስ አስተካክያለሁ። ሆዷን ግን አልነካሁም፣ ሽንት ሸናሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

እጃችንን ስንታጠብ ስለ ወንበሩ ጠየቅኳት።

"በልቤ ስይዘው ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስለኛል" አለች። "አውጥቼ ሳስረክበው ነው ጉድለቱ የሚታየኝ።"

"በየቀኑ? ጠዋትና ማታ?"

"ጉንፋን ድምፄን የዘጋው ጊዜ በሹክሹክታ።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳይቆጣጠራት። እኔ ደግሞ ብቸኝነቱ አናቷ ላይ ወጥቷል ብዬ ጽፌያለሁ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጥቅምት 21
ሁለት ባላ ተክዬ አንዱን ራሴ ልሰብር ነው። ያቺ ሚጢጢ እስካሁን ጣቴን አልለቀቀችኝም... እኔ ባልሄድም እዚያ ሃያ ነርስ አለላት። እታለም በኅዳር አጋማሽ ስትወጣ ሰው ካልተገኘ ግን በሩ ይዘጋል። የአልጋ አንድ እናት ያን ጠዋት ጀልባ ስትጠብቅ ብትሆን ኖሮስ?

ሬዲዮ "አንቺ ልጅ፣ የደረሰልሽን እንጀራ በእግርሽ ልትገፊ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እፈራለሁ። ብቻዬን እሆናለሁ ብዬ እፈራለሁ።

ጥቅምት 25
መልሴን አስገባሁ። ማዶ።

እናቴ ስነግራት መነጽሯን አወለቀች። "እዚያ ሲከፋሽ ለማን ትነግሪያለሽ?" አለች።

"ለወንበሩ።"

አልሳቀችም። ሻንጣዬን ስከፍት ግን ሦስት ጥንድ ወፍራም ካልሲ ተቀምጦ አገኘሁ።

ኅዳር 3
የመጀመሪያ ቀኔ። እታለም እስክትወጣ አብረን እንሠራለን። ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ገባን። እንደ ያን ጊዜው ከጎኗ ቆምኩ።

"ምን ትገተሪያለሽ? ተቀመጪ እንጂ!"

ተቀመጥኩ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ደብተሬን ከፈትኩ።

"አልጋ ሁለት" አለች። "አዛውንት ናቸው፣ ሳል አለባቸው። ትንፋሽ በደቂቃ ሃያ ሁለት። ደህና አድረዋል።"

"ጋደም ብለው ነው ወይስ ትንፋሽ አጥሯቸው ትራስ ተደግፈው ነው ያደሩት?"

አላስተዋለች ይሆን ብዬ ቀና አልኩ። አፏን በእጇ ያዘች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ወንበሩ ጠይቆኝ አያውቅም" አለች።