ለሚንቀጠቀጥ እጅ የሚዘፍን ስልክ

…የስፌት መኪናው መርፌ ግን አሁንም ክር እንደያዘ ቆሟል፤ ከሥሩ ሰማያዊ ጨርቅ ተወጥሯል፣ እጅጌ ሊሆን የነበረ ጨርቅ፤ ወለሉ ላይ ደግሞ፣ ጎንበስ ብዬ እስካነሳቸው ድረስ ቁልፍ የመሰሉኝ ሁለት ጥርሶች…

ይቅርታዎን እለምናለሁ፣ ክቡርነትዎ። ከሰላምታ በፊት ጀመርኩ። ሰሞኑን የምጀምረው ነገር ሁሉ ከመሐሉ ሆኖብኛል።

ለተከበሩ የስልክ አምራች ኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም ሆነ ለመላው ቤተሰብዎ ጤናን፣ ረጅም ዕድሜን፣ የመንጋጋ ጥንካሬንና የጥርስ ሙሉነትን ከልብ እመኛለሁ። መሥሪያ ቤትዎ በየማለዳው ለታናሽ እህቴ በሚልከው መልእክት፣ ለሙዚቃ ወዳጆች የተሠራውን አዲሱን ባለ ንክኪ ስልክ እንዴት እንዳገኘችው እየጠየቀ፣ ግምገማዋንም በጉጉት እየጠበቀ መሆኑን ሲያሳስብ ቆይቷል። እህቴ ለጊዜው መንጋጋዋ በሽቦ ስለታሰረና ቀኝ እጇ ጄሶ ውስጥ ስለሆነ፣ ግምገማውን እኔ ታላቋ በእሷ ፈንታ እንዳቀርብ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በአደባባይ መጻፌንም እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። በግል የጻፍኳቸውን ደብዳቤዎች በሙሉ አንድ ማሽን «ስለ ታማኝነትዎ እናመሰግናለን» እያለ መልሶልኛል፤ እኔም ምስጋናው በዛብኝ።

ሲያነቡ አንድ ነገር እንዳይዘነጉብኝ አደራ። በስልክዎ ውስጥ የተቆለፈ ድምፅ አለ። ነገ ከሰዓት በኋላ ችሎት ፊት ካልተሰማ፣ እህቴን እንዲህ ያደረጋት ሰው ነፃ ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቤቱ ማለት ደግሞ እሷ ናት።

ስልኩ ወደ እኛ የመጣው በስጦታ ነው። የእህቴ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የድሮ ስልኳን ከግድግዳ ጋር ካጋጨው በኋላ (ከስልኩ በፊት ከግድግዳው ጋር የተጋጨውን ልተወው) የእርስዎን ምርት በሚያብረቀርቅ ሳጥን ይዞላት መጣ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስትሰፋ ትዘፍናለች። ፔዳሉን ከረገጠች ድምፅዋ ይወጣል፤ ስትቆም ይቆማል። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ብሎ ያወጣላት ስም እናታችን ካወጣችላት ስም ይልቅ ጸንቶባታል። ዘመድ ተሰብስቦ ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ አዟዙሮ አየና፣ የምትወደውን አውቆ የሚገዛላት ባል እያላት ምን ጎደለባት አለ። እውነቱን ለመናገር ዋጋው መልካም ነው። ኪስ ሳይጎዳ ይቅርታ የሚገዛበት ዋጋ ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ገዢ በማሰብዎ ኩባንያዎ ሊመሰገን ይገባዋል። ሻጩ ስልኩን በባልየው ስም መዘገበው። ገንዘቡን የከፈለው እሱ ነዋ።

በመጨረሻ ጥላው ወጣች። እኔ ዘንድ መጣች፣ አንዲት ክፍል፣ አንድ አልጋ። ቀን ቀን ወደ ስፌት ቤቷ ትሄዳለች። እዚያ ነው ያገኛት። እንግዲህ ወደ ግምገማው።

አንደኛ። ማስታወቂያዎ ቁልፍ መፈለግ እንደቀረ፣ ስልኩን ትንሽ ወዝወዝ ማድረግ ብቻ ዘፈኑን እንደሚያስጀምር ይናገራል። ሐሰት የለበትም። የዚያን ዕለት እህቴ ብቻዋን ነበረች፤ አብራት የምትሠራው ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር። የጭነት መኪናውን ከመንገዱ ማዶ ሲያቆም በመስኮት አየችው። የስፌት ቤቱ በር አንድ ብቻ ነው። መቁረጫ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የጨርቅ ጣቃዎቹን ወደ ራሷ ሳበች፤ ለእኔ ልትደውል ስልኩን ደረቷ ላይ ያዘች። ገባ። ስሟን ጠራ፣ በለሆሳስ፣ እንግዳ እንደሚጠራ ሰው። መጋረጃውን ገለጠ። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለ፤ ለምን እንደነቀለው ያኔ አልገባትም፤ ሽቦውን እጁ ላይ ሲጠመጥም ታያለች። ከዚያ ጫማው ወደ በሩ ዞረ። ይህን በግራ እጇ ስትጽፍልኝ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት፤ ጫማው ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ሊሄድ ነበር።

እጇ ተንቀጠቀጠ።

ስልክዎ፣ ክቡርነትዎ፣ ዘፈን የሚፈልገውን እጅ ከሚፈራው እጅ ለይቶ አያውቅም። መንቀጥቀጧን እንደ ትዕዛዝ ተቀበለ፤ እንደ ታማኝ አሽከር ወዲያው ታዘዘ። ያስጀመረላት የሚያስጨፍር፣ ጭብጨባ ያለበት ዘፈን ነበር።

ሁለተኛ። ንክኪው። ዘፈኑን ለማጥፋት መስታወቱን ነካች፤ ጣቷ በላብ ርሶ ስለነበር መስታወቱ ጣት መሆኑን አላመነም። ደጋግማ ነካችው። ጠረጴዛውን ገልብጦ በጸጉሯ ከጎተታት በኋላም ስልኩ እጇ ላይ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ጣቷን ያራሰው ላብ አልነበረም። የስልክዎ መስታወት ደረቅ ጣት፣ ንጹሕ ጣት፣ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጣት ይወዳል። ይህንን በመመሪያው መጽሐፍ ላይ በትንሽ ፊደል ብታሰፍሩት ብዙ ሙዚቃ ወዳጅ ይጠቀም ነበር። ከባድ ካውያ፣ በሽቦው እንደ ወንጭፍ ሲወዛወዝ፣ የሰው መንጋጋ ላይ የሚያደርገውን እዚህ አልጽፍም። ጽፌው ሰርዤዋለሁ። እኔ በዚያች ሰዓት ማተሚያ ቤት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የማላውቀው ሰው መጽሐፍ ውስጥ ነጠላ ሰረዝ ሳስገባ ነበር። ስለ ነጠላ ሰረዙ ብዙ አስባለሁ።

ሦስተኛ። የድምፅ ጥራቱ። ለዚህ ዋጋ ይህን የመሰለ ስፒከር መሥራት በእውነት ተአምር ነው፤ ከግድግዳ ማዶ ከበሮው ጥርት ብሎ ይሰማል። ከጎኗ ያለው አናጢ ሰምቷል፤ ከአናጢው ማዶ ያለችው ጸጉር ሠሪም ሰምታለች። አናጢው ለመርማሪው ቃሉን ሲሰጥ እያለቀሰ ነበር። ጩኸት እንደሰማ ተናገረ፤ ግን ከዘፈኑ ጋር ስለነበረ እልል የሚሉ መስሎት፣ ዛሬ ሬዲዮ ምን ደስ አላት ብሎ ለብቻው ስቆ፣ መጋዙን እንደገና አነሳ። ሁለት ሰው ሰማ፣ ሁለቱም ሙዚቃ ሰማ።

አራተኛ፣ ወይም አምስተኛ፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ መቁጠር በሚችሉት ሠራተኞችዎ ያስቆጥሩልኝ። «አብረው ይዝፈኑ» የተባለው አገልግሎትዎ ነው። ሰው ዘፈን እየሰማ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ስልኩ ማንም ሳያዘው የሰውየውን ድምፅ ይቀዳል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ ነጥብ ይሰጣል። እህቴን ሆስፒታል አስተኝተናት ስልኩን ስከፍተው፣ መስታወቱ ላይ ያሸበረቀ ጽሑፍ ነበር፤ ድምፅዎ ድንቅ ነው፣ አራት ኮከብ አግኝተዋል፣ ለወዳጅ ዘመድ ያካፍሉ ይላል። አምስተኛውን ኮከብ የነፈጋችኋት በምን ጉድለት እንደሆነ ሙያዊ ማብራሪያ ብትሰጡኝ እወዳለሁ። ይበልጥ መጮህ ነበረባት? ወይስ ቶሎ ነው ዝም ያለችው?

ስልክዎ ቸር ስለሆነ ከቅጂው ጥቂት ያስቀምሳል። አዳመጥኩት። ጭብጨባው አለ፤ የሚወድቅ ነገር አለ፤ የእህቴ የማይመስል ድምፅ አለ። ከዚያ እሱ፣ ሳይቸኩል፣ ትንፋሹ እንኳ ሳይቆራረጥ፣ «ዝፈኚ እንጂ ሬዲዮ፣ ምነው ዘጋሽ?» ይላል። እዚያ ላይ ይቆማል። ቀሪውን ለመስማት የባለቤቱን የይለፍ ቃል ያስገቡ ይላል ስልኩ።

ባለቤቱ እሱ ነው።

መርማሪው ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ የደከመው ዓይነት ደግ። ባልየው በዚያች ሰዓት ሌላ ከተማ ሲሚንቶ ሲያራግፍ እንደነበር ተናግሯል፤ አብሮት ያራገፈ ሰውም አቅርቦ፣ እስከ ችሎቱ ቀን በዋስ ወጥቷል። ሚስቱ ጣቃ ልታወርድ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ወደቀች ይላል። የእሷ ቃል ከእሱ ቃል ጋር ሲመዘን ሚዛኑ ወዴትም እንደማያዘነብል መርማሪው አንገቱን ደፍቶ አስረዳኝ። ቅንጫቢዋን አሰማሁት፤ ሰዓትና ቀኑ ከተቆለፈው ውስጥ ነው፣ ሙሉውን ካላመጣችሁ አንዲት ዓረፍተ ነገር የባልና ሚስት ጨዋታ ናት ይሉኛል ዳኞቹ አለ። የፊቷን ፎቶም በስልክዎ ካሜራ አንስቼለት ነበር። አገላብጦ አይቶ፣ ይኼ ጨርቅ ነው ወይስ ሰው ነው ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ካሜራው ከዚህ በላይ የምለው የለም። ለመሥሪያ ቤትዎ የጻፈውን ደብዳቤ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ እሱም ስለ ታማኝነቱ ተመስግኗል።

ስለዚህ እህቴን ደግፌ ወደ ቅርንጫፍዎ ሄድን። የአገልግሎት ክፍልዎ ንጽሕና፣ የወንበሮቹ ልስላሴ፣ የሠራተኛዋ ድምፅ ማርነት፣ ሁሉም ለሌሎች አርአያ የሚሆን ነው። ሠራተኛዋ የእህቴን ፊት አየች፣ ወዲያው ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሯ መለሰች፣ ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም። መመሪያው ግልጽ ነው አለችን። ቅጂው የተመዘገበው ባለቤት ንብረት ነው፤ ባለቤቱ በአካል መጥቶ የይለፍ ቃሉን ያስገባል፣ ስልኩን የያዘችው ደግሞ ስልኩን ይዛ አብራው ትቀርባለች። መርማሪው አብሮን ይምጣ ብንል፣ ሦስተኛ ወገን ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ አይገባም አለች። ፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ የሚሰጠው ማስረጃ ሲያይ ነው አልኳት። እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው አለች፣ በትሕትና። ከዚያ ደስ የሚለንን ዜና ነገረችን። ባለቤቱን ደውላ ጠርታቸዋለች፣ በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፣ ነገ ጠዋት በደስታ እመጣለሁ ብለዋል።

ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ቤት እየቀያየርን ስለምናድር፣ የት እንደምናድር ያላወቀ ሰው ነበር። አሁን ነገ ጠዋት የት እንደምንገኝ ያውቃል። ላደረጋችሁለት ትብብር በስሙ አመሰግናለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው። ቁልፉን ሊከፍት የሚችል ሠራተኛ አለዎት፤ አንድ ቃል ቢያዙት ይበቃል። እኔ አራሚ ነኝ፣ በሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ የጎደለውን ፊደል ሳስገባ ነው የኖርኩት፤ ይህን አንድ ቃል ግን እኔ ላስገባው አልችልም። ካልተከፈተ እህቴ ነገ ማታ እንደገና ከቤቱ ትሆናለች፣ በወዳጅ ዘመድ ምርቃት ታጅባ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስለ ስልክዎ ግምገማ የሚጽፍልዎ ላይኖር ይችላል።

ለሰጡኝ ውድ ጊዜ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ኩባንያዎ በየቤቱ እየገባ ሳቅና ጭፈራ እንዲያበዛ እየተመኘሁ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፤

በምርትዎ ጥራት ጆሮዋ እስኪደነቁር የረካች፣
የባለ አራት ኮከቧ ዘፋኝ ታላቅ እህት።

ከፊርማዬ በኋላ የቀረ፦

ይህን የምጽፈው ከቅርንጫፍዎ ለስላሳ ወንበሮች ባንዱ ላይ ተቀምጬ ነው። ጠዋት ነው። ከእርስዎ የመጣ መልስ የለም፤ የግምገማ ማስታወሻው ግን በሰዓቱ ደርሷል።

እሱ ከእኛ ቀድሞ መጥቷል። ጸጉሩን ተስተካክሏል። ለጥበቃው፣ ለሠራተኛዋ፣ ለእኔም ጭምር ከወንበሩ ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ እንዴት አደራችሁ እትዬ አለኝ፣ እህቴ እንደምትጠራኝ አድርጎ። ከዚያ ግድግዳው ነጭ መስታወት ወደሆነው፣ ጥላ እንጂ ሰው ወደማይታይበት ትንሽ ክፍል ገብቶ ተቀመጠ። ሠራተኛዋ አሠራሩን አስረዳችን። ክፍሉ ለሁለቱ ወገኖች ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃል በሚገባበት ጊዜ ምስጢር እንዲጠበቅ ሲባል እሷም ትወጣለች። ደቂቃ አይፈጅም አለች።

እህቴን እጅጌዋን ይዤ፣ እንሂድ፣ ችሎቱ ይቅር፣ የማያውቀን አገር እንሄዳለን አልኳት። በሽቦው መካከል፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ፣ «ተይኝ እትዬ። ድምፁ የኔ ነው፤ እኔው አወጣዋለሁ» አለችኝ። እጅጌዋን ከእጄ አላቀቀች። ስልኩን በግራ እጇ ያዘች። ልከተላት ብነሳ ጥበቃው፣ የዕድሜ ባለጸጋ፣ ክንዱን እንደ አጥር ዘርግቶ፣ እኔም ታዝዤ ነው ልጄ አለኝ።

ከነጩ መስታወት ጀርባ የተቀመጠው ጥላ ብድግ አለ። እህቴ ገባች። ሠራተኛዋ ፈገግ ብላ ወጣች፣ መያዣውን በሁለት ጣቷ ወደ ራሷ ሳበች፣ በሩንም በቀስታ ዘጋችው።