ጛ የጠፋችበት ሰሞን

ግንቦት 21፣ 1998 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ዛሬም ኮምፒውተሩ ተኝቷል። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ወይ ፍንክች! ደብተሬ ሆይ፣ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ወልድያ የተቀመጠ የኮምፒውተር ጠጋኝ ማለት ነው። ለጋሽ ታደሰ ደወልሁ። ቅዳሜ እመጣለሁ አሉ። ባለፈውም ቅዳሜ ብለው ነበር።

ማሽኑስ ይነሣል። የጨነቀኝ ፊደሏ ናት። አብሮ አደጌ መ/ር ካሱ የአንደኛ ክፍሉን የኽምጣጛ ቋንቋ መጽሐፍ እኔ መተየቢያ ቤት እያስተየበ ነው። አለቆቹ ባሕር ዳር ይሠራ ሲሉት፣ ሰቆጣ ውስጥ የሚሠራ አለ ብሎ ተከራክሮልኝ ነው ያመጣው። የእኔ ማሽን ግን "ጋ"ን እንጂ "ጛ"ን አያውቅም። በጭረት ብቻ ነው የሚለያዩት። የቋንቋው ስም ራሱ ሽፋኑ ላይ "ኽምጣጋ" ሆኖ ወጣ። የእናቴ ቋንቋ! ካሱ አይቶ፣ የእኔን ስም ብታጣምሚው ይሻል ነበር አለኝ። የመምህራኑ ሥልጠና ሐምሌ ላይ ነው። እስከ ሰኔ አጋማሽ ካላደረስሁ ሥራው ባሕር ዳር ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ ሁለተኛ እኔ ቤት አይመጣም።

ግንቦት 22፣ ማክሰኞ

መናኸሪያው አጠገብ አዲስ የጥገና ቤት የከፈተችውን ሙሉን አናገርሁ። ፊደሏ ያለችበት ፕሮግራም አላት። በአንድ ቀን እጭነዋለሁ፣ በየወሩ እየመጣሁ አያለሁ፣ ሲጠሩኝ ደግሞ በእግሬ ደረስሁ ማለት ነው አለች። አንድ ነገር ግን አትወድም፤ የሌላ ሰው እጅ ያለበትን ማሽን አትነካም። "እትዬ፣ አንድ በሽተኛ ለሁለት ሐኪም አይሆንም። ቁርጡን ይንገሩኝ።"

ቁርጡን! ጋሽ ታ.ን! የታይፕ መካኒክ በነበሩ ጊዜ በዐሥር ጣት መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው። የልጄ የዳዊት ክርስትና አባት እሳቸው። ባሌ ሲሞት፣ ይህን ቤት እንዳትዘጊው ብለው እዚሁ እየተኙ ሥራዬን የሠሩልኝ እሳቸው። ደብተሬ፣ አንቺ ይሉኝታ የለብሽም፤ ታድለሽ።

ግንቦት 26፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

መጡ። አቧራ ለብሰው። ማሽኑን አስነሡት፤ ያ እጅ ዛሬም ያው ነው። ቡሎኑን ሳያዩ በጣታቸው እየዳሰሱ ያገኙታል። አፌን ከፍቼ አደነቅሁ።

ፊደሏን ስጠይቃቸው ዲስክ አስገቡ፣ ጫኑ። ይኸውልሽ "ጛ"ሽ አሉኝ። አየሁ። "ጋ" ናት። የለችም ጋሽዬ አልሁ። "አለች እንጂ ልጄ፤ ይችውና!" ስክሪኑን በጣታቸው መቱት። ዲስኩን አወጣሁት። ያው የድሮው ፕሮግራም! የራሴ እጅ ጽሑፍ አለበት።

ደሜ ፈላ። ሞኝ አደረጉኝ። ለዓመታት ያላየሁባቸውን! እንዳኮረፍሁ ራት አቀረብሁ፣ አልጋ አነጠፍሁ። ለሙሉ ነገ በጠዋት እሺ እላታለሁ። አለቀ።

ግንቦት 27፣ እሑድ፣ ጠዋት

አላለቀም።

ቁርስ ላይ ኩርፊያዬ እንዳለ ነበር። ማድ ቤት ሆኜ፣ የዳዊት ፎቶ ከባሕር ዳር መጥቷል፣ ጠረጴዛው ላይ ነው አልኋቸው። ስመለስ አንዲት ጉርድ ፎቶ ፊታቸው ድረስ አስጠግተው ይሥቃሉ። "ጎረመሰ እኮ ዳዊቴ! ቁርጥ አባቱን!"

የያዙት የዳዊትን አይደለም። ዐረብ አገር ልትሄድ ወረቀቷን ኮፒ ያስደረገች የአበርገሌ ሴት ናት። ነጠላ ለብሳለች።

አዎ ጋሽዬ፣ ጎረመሰ አልሁ። ሌላ ምን ልበል? ተመልሼ ማድ ቤት ገባሁና አለቀስሁ። ትናንት አታላይ ያልኋቸው ሰው ዓይናቸው አያይም። "ጋ" እና "ጛ" ቀርቶ ወንድና ሴት መለየት አቅቷቸዋል። መንገዱን እንዴት መጡት? አውቶቡሱንስ ማን አሳያቸው?

ሳልነግራቸው ሄዱ። እኔ ፈሪ።

ሰኔ 1፣ ሐሙስ

ካሱ ሁለት ጊዜ መጣ። ሙሉም ጠየቀች። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

አንድ ቀላል መንገድ አለ። ለጋሽ ታ. ዝም ብሎ አለመደወል። ማንም አይታዘበኝም። ግን የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የእኔ ምሳር ይቅርባቸው።

ጠጋኝ መቼ ነው የሚለወጠው? ሲዘገይ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ መዘግየትን ችዬ ኖሬአለሁ። ሥራው የሚፈልገውን መስጠት ሲያቅተው ነው፣ ደግ ሰው ቢሆንም። ደግነታቸውን ሌላ ቦታ እከፍላለሁ እንጂ በካሱ መጽሐፍ አልከፍልም። ሙሉን፣ መጀመሪያ እሳቸው ከእኔ አፍ ይስሙ፣ ከዚያ ትገቢያለሽ አልኋት። እሺ አለች። ለጋሽ ታ. ደወልሁ፤ ይምጡ፣ የምነግርዎ አለ። ምን ሆንሽ እንኳ አላሉም።

ሰኔ 3፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ነገርኋቸው። ሁሉንም። ፊደሏን፣ ዲስኩን፣ ፎቶውን። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያዞሩ ነበር፤ ፎቶው ላይ ስደርስ ቆመ። ምነው ይህንን ባስቀረሁት አልሁ።

ባርኔጣቸውን ጎናቸው አስቀመጡ። "የቆቦ ደንበኞቼ ዝም ብለው ነው የተዉኝ። የኮረሞቹም። ስልኩ ዝም ሲል ጊዜ ገባኝ። አንቺ ብቻ ነበርሽ የቀረሽኝ፤ ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ።"

እኔ ብቻ! ያን ሁሉ መንገድ ለእኔ ብቻ! እኔ ደግሞ ቀሩ ብዬ የማማው።

አንድ ነገር ለመኑኝ። ሰው ጠጋኝ ለምን ቀየርሽ ሲል፣ ወልድያ ሩቅ ስለሆነ ነው እንድል። እላለሁ። ለካሱም እንዲሁ።

የሙሉ እናት በዓይን ሞራ ታውረው፣ ደሴ ሐኪም ቤት ተገፎላቸው ዛሬ መርፌ ላይ ክር ያስገባሉ። ነገርኋቸው። በዚህ ዕድሜ ምን ያደርግልኛል አሉ ጋሽ ታ.። ተጨቃጨቅን። ኋላ ግዴለሽም እሄዳለሁ አሉ፤ የማይሄድ ሰው እሄዳለሁ እንደሚለው።

ሰኔ 4፣ እሑድ፣ ንጋት፣ መናኸሪያ

ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። የሱቁን ቁልፍ ለሙሉ ሰጠሁ። ነገ ፕሮግራሙን ትጭናለች፣ ከዛሬ ጀምሮ ማሽኑን የምትጠግነው እሷ ናት። ለካሱ ሽፋኑን አሳዪው አልኋት።

እኔ ወደ ደሴ ነኝ። ከእሳቸው ጋር። ወልድያ ላይ ወርጄ እቀራለሁ እያሉ ነው፤ እናያለን። ሞራ ካልሆነስ? አላውቅም። ቢያንስ ብቻቸውን ሆነው አይሰሙትም።

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ጋሽ ታ. አውቶቡሱ በር ጋ ደርሰዋል፤ በእግራቸው ደረጃውን እየፈለጉ ነው፣ ሰዉ ይገፋቸዋል፣ ቆይ ልያዛቸው