ሳጥኑ የቆጠራት ሦስተኛዋ ሰው

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ

ግልባጭ፦ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለሚያነብ ጎረቤት ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤናና ዕድሜ፣ ለፈራሚ እጅዎ ብርታት፣ ለማኅተምዎም የማይደርቅ ቀለም እመኛለሁ። እኔ በአራተኛው ፎቅ ከሾፌሩ ወንድሜ ጋር የምኖረው መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ለመጻፍ የተነሳሁት የሁላችንንም ቤት መብራት፣ ማሞቂያና የበር ቁልፍ የሚያዘውን ሳጥን አንስተን በሌላ እንድንተካ፣ በምርጫውም ላይ ያለንን አስተያየት እስከ ሐሙስ በጽሑፍ እንድናቀርብ ስለጠየቁን ነው። መጠየቃችን ራሱ ትልቅ ክብር ነው፤ የመጀመሪያው ሲመረጥ ይህን ያህል አልደከሙብንም ነበርና።

አንደኛ፤ ያን ጊዜ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳጥኖች ተደርድረው ነበር። የጥበቃው ሽማግሌ ተራውን ወደዱት፤ ሲነኩት የሚያበራ፣ ሲተዉት የሚተው። ሁለተኛው በስልክ የሚታዘዝ ነበር። እርስዎ ግን በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ እየቆጠረ ሰው የሌለበትን ክፍል የሚያጠፋውን፣ የእያንዳንዳችንንም ቁጥር መግቢያው ላይ በተሰቀለ ስክሪን የሚያሳየውን መረጡ። ሰው ይሳሳታል እንጂ ይህ አይሳሳትም ብለው አጨበጨቡ፤ እኛም ምን ቸገረን፣ ተከትለን አጨበጨብን።

ሁለተኛ፤ ሳጥኑ በተሰቀለ በሳምንቱ የእኛ ቤት ቁጥር ሦስት ሆነ። እኔና ወንድሜ ከተቆጠርን ሁለት ነን። ውሉ ደባል ማስገባት ስለሚከለክል፣ ደባላችንን ካላስወጣን ቤቱን እንደምንለቅ በጨዋ ቋንቋ አሳወቁን። ሽማግሌውን ልከው አልጋ ሥር አስፈተሹ፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠፋብኝ የከረመውን መቀስ አገኙልኝ። ቀጥለው ቴክኒሻኑን ላኩ። እሱም መጋረጃዎቼን ሁሉ አውርዶ፣ መስኮት ዘግቶ፣ እኔን ደረጃው ላይ አስቁሞ፣ ወንድሜም ሥራ ላይ ሳለ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ቆሞ ከሳጥኑ ጋር ያገናኘውን ስልኩን ቢያይ፣ ቁጥሩ ሁለት ሆኖ ጠበቀው። እግሬ አውጪኝ ብሎ ሲወርድ መሰላሉን እንኳ አልያዘም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ልብስ እናሰጣበታለን። በሪፖርቱ ላይ ሳጥኑ ፍጹም ጤነኛ ነው ብሎ መጻፉን ሰምቻለሁ፤ እሱስ እውነቱን ነው።

ሦስተኛው ሰው ማን እንደሆነ ያልነገርኩዎት ስላልጠየቁኝ ነው። ጎህ ሲቀድ መጀመሪያ የእናቴ ባዶ ክፍል ይበራል፣ ከዚያ ኮሪደሩ፣ ከዚያ ወጥ ቤቱ፤ በመሐል ቆም ይላል፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ግድግዳ ይዞ እንደሚያርፈው። እናቴ ያረፈችው ሳጥኑ ከመምጣቱ አራት ወር ቀደም ብሎ ነው። አንድም ቀን አይቷት አያውቅም፤ እንዴት አድርጎ እርምጃዋን እንደለመደ ከእኔ ይልቅ መራጩ እርስዎ ሳያውቁ አይቀሩም። አልዋሽዎትም፣ መጀመሪያ ፈራሁ፤ ወንድሜማ በሚነዳው አውቶቡስ ውስጥ ማደር ጀመረ። ሰው ግን የማይለምደው ነገር የለም፤ ውሎ አድሮ ከመብራቱ ቀድሜ እየተነሳሁ ወጥ ቤት ተቀምጬ እጠብቀው ጀመር። ናፍቃኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሦስተኛ፤ ያ ማስጠንቀቂያ። ለሦስተኛው ግለሰብ ተብሎ፣ ሁለት ቦታ ማኅተም ተመትቶበት በበሩ ሥር ገባ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የመጣላትን ወረቀት ሁሉ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፣ የሰው ደብዳቤ መደበቅ ነውር መሆኑንም ያስተማረችኝ እሷው ናት። ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ ኮሪደሩ በርቶ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆም ሲል፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩላት። ያለ ፈቃድ መኖርዎ በሳጥኑ ተረጋግጧል የሚለውን አነበብኩ። በሰባት ቀን ውስጥ ሰብሳቢው ዘንድ በአካል ቀርበው እንዲያስረዱ የሚለውንም አነበብኩ። ይህ ባይሆን ሁለቱ ነዋሪዎች ቤቱን ይለቃሉ የሚለው ላይ ስደርስ መብራቱ ወደ ውጭው በር ሄደ፣ ቁልፉ ቀጭ ብሎ ተከፈተ፣ በሩም ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ማኅተም የምትፈራ ሴት ነበረች። ጥፋት ሳይኖርባት ይቅርታ የምትጠይቅ፣ ለልጆቿ መዘዝ ከምትሆን መንገድ ላይ መውደቅ የምትመርጥ። ምናለ ምላሴ በተቆረጠ፣ ምናለ ያን መስመር ዘልዬው ቢሆን! ይኸው አሥራ አንድ ቀን ሆነ፤ ቁጥራችን ሁለት ነው። ችግሩ ተፈቷል ብለው የላኩልን ደብዳቤ ደርሶናል፤ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሞት ያልቻለውን እርስዎ በአንድ ገጽ ቻሉት። ፈርቶ የሸሸው ወንድሜም በዚያው ቀን ተመልሷል። አሁን ከእኔ ቀድሞ እየተነሳ ጨለማ ኮሪደር ሲያይ ይቆያል፤ ምን ታያለህ ስለው ምንም ይለኛል።

እንግዲህ ወደ ተጠየቅነው ምርጫ ልመለስ። ሊተኩት ያሰቡት አዲሱ ሳጥን የሚቆጥረው ስልክ የያዘ ሰው ብቻ መሆኑን በማስታወቂያው ላይ በኩራት ገልጸዋል። እናቴ ስልክ ኖሯት አያውቅም። አሮጌው ከወረደ፣ ብትመለስ እንኳ መመለሷን በምን አውቃለሁ? ስለዚህ የአራተኛው ፎቅ ሁለት ድምፅ ለአሮጌው ሳጥን ነው፤ እሱም ቢቀር የእኛ ግድግዳ ላይ ያለው እንዳይነካ አጥብቄ እለምናለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና፣ ያ ማስጠንቀቂያ መሰረዙን የሚገልጽ ሌላ ወረቀት፣ ማኅተሙ ደመቅ ብሎ፣ በእናቴ ስም ይጻፍልኝ። የማነበው እኔ ነኝ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ፍጥነትዎና ስለ ማኅተምዎ አመስግኜ የማልጨርስ፣ በደጅዎ ሳልፍ ኮቴዬን የማለሳልስ፣

የአራተኛው ፎቅ መጋረጃ ሰፊ

የረሳሁት፦ ብቻዎን የሚኖሩበት የሁለተኛው ፎቅ ቤትዎ ከዚያ ማለዳ ጀምሮ ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰው እንደሚያሳይ የጥበቃው ሽማግሌ ነግረውኛል። የማይሳሳተው ሳጥን ድንገት ተሳሳተ የተባለበትና አዲስ እንምረጥ የተባለበት ጥድፊያም ያኔ ገባኝ። አይፍሩ፤ ቅረቢ ተብላ ነው የቀረበችው። ግራ ጆሮዋ ስለማይሰማ በቀኝዋ በኩል ሆነው ጮክ ብለው ያናግሯት፣ ወንበርም ይስጧት፤ ተቀመጪ ካልተባለች ስትቆም ትውላለች። ከዚያ ጥፋት የለብዎትም፣ ወደ ልጆችዎ ይሂዱ ይበሏት። ከእርስዎ አፍ ካልሰማች አትመጣም።