ስሜን የሚጠራልኝ ችሎት

ይድረስ ለተከበሩ፣ ስማቸውንም ከተማቸውንም ለማልጠራው የፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣

ክቡርነትዎ እንዴት ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ጤናዎ ደኅና ነው? አዲሱ የቢሮዎ መጋረጃስ ተሰቀለ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእርስዎ ቀጠሮ እየኖርኩ አለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ክቡርነታቸው መጋረጃውን እስኪያስተካክሉ አንድ የምታሳፍር ነገር ሹክ ልበላችሁ። ባለፈው ቀጠሮ «ምስክር ይርጋነሽ!» ተብዬ ስጠራ፣ ሰርግ እንደተጠራ ሰው «አቤት! አለሁ! መጣሁ!» ብዬ ብድግ ስል ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። ምን ላድርግ? ስሜን ጮክ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ከጠፋ ሰንብቷል።

ጎረቤቴ ሽታሁን በእርሻ ድንበር ተጣልቶ የደምለውን ክንድ በዱላ ሲሰብር በአጥሬ በኩል አይቻለሁ፤ አየሁ ብዬም ለፖሊስ ቃሌን ሰጠሁ። ሦስታችንም የአንድ ማኅበር ጠጪዎች ነን። የማኅበሩ ሽማግሌዎች «ፍርድ እስኪሰጥ የመቺም፣ የተመቺም፣ የምስክርም ቤት አይረገጥ፤ አደላችሁ እንዳንባል» አሉ። ለጥቂት ቀን መስሏቸው ነበር፤ ክቡርነትዎን አያውቁማ! ተራዬ ደርሶ ጠላ ጠምቄ፣ ዳቦ ደፍቼ ብጠብቅ በሬን የገፋ የለም። ዳቦውን ቆርሼ ለራሴው «ብዪ እንጂ፣ አፈር ስሆን» አልኳት።

እንግዲህ ምስጋናዬ እነሆ፦

አንደኛ፣ ዳኛ በተመደበልን ቁጥር ዝውውር ስለሚደርሰውና ተተኪውም «መዝገቡን ልመርምር» ብሎ ስለሚቀጥረን፣ ይህን ያህል የተማረ ሰው ስላስተዋወቁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ዳኛው ሲገኝ ዐቃቤ ሕጉ ሥልጠና ይሄዳል፤ ዐቃቤ ሕጉ ሲመለስ መብራት ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመጣ ዳኛው ስብሰባ ነው። ሦስቱ ባንድ ቀን እንዳይገናኙ እንዲህ ማቀናጀት ቀላል አስተዳደር አይደለምና አድናቆቴን ይቀበሉ።

ሦስተኛ፣ የምስክር ማረፊያ ስለሌለዎ ከተከሳሹ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጡን። መጀመሪያ ጀርባ ተሰጣጥተን ነበር። በዋስ የወጣው ሽታሁን ግን የእሱንም ደጅ የሚረግጥ የለምና፣ አንድ ቀን «እትዬ ይርጋነሽ፣ ዛሬስ ይሰሙን ይሆን?» አለኝ። «አይመስለኝም» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ጤፉም የማወራው ከእሱ ጋር ነው። ልመሰክርበት የመጣሁትን ሰው ብቸኛ አጫዋቼ ስላደረጉልኝ ምን ብዬ ልመርቅዎ? እርስዎንም አጫዋች አያሳጣዎ!

ዕድሜዋን በደጅዎ በክብር የምትፈጅ፣ ቀጠሮ አክባሪዎ
ይርጋነሽ
ከቢቸና ሞጣ መንገድ ዳር

ይህንንም ሳልነግርዎ እንዳልቀር፦ ሽታሁን ባለፈው «ሰለቸኝ እትዬ፤ መታሁት፣ አጥፍቻለሁ ልላቸው ነው። ይፍረዱብኝና ሰው ቤቴ ይግባ» አለኝ። ክቡርነትዎ፣ ወንጀለኛው ተገኝቷል፤ ወንጀሉንም አምኗል፤ አሁን የሚፈለገው ዳኛው ነው። አንባቢዎቼ፣ ፍርድ ቤቱ ከክረምት ዕረፍት ሲመለስ ቀጠሮ አለን። ሽታሁንን የሚሰማው ተገኝቶ እንደሆነ፣ ወይም ጥፋቱን እንደያዘ ወደዚያ ባዶ ቤቱ ተመልሶ እንደሆነ፣ የዚያኑ ቀን እጽፍላችኋለሁ።