የሰላማዊት ግለ ሂስ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ
ሦስተኛ ሪፖርት። ያው ነው። ካርታ ላይ የሚደርስባት የለም፤ ጽፈሽ አምጪ ስትባል ግን ሐሳቧ መሀል መንገድ ይቀራል። ምክትል መቶ አለቃ ሰላማዊትን አብቃት ተብዬ ከተረከብኳት ስድስት ወሬ። ደብተሬ፣ ከዚህ በላይ እንዴት ላብቃት? ግማሹን ሰረዝኩ። ጊዜ ሲያጥር ራሴ እንደ አዲስ ጻፍኩት። አዛዣችን ኮሎኔሉ አመሰገኗት። ይሁን።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡00
ኤረር በር ካለው ሻይ ቤት ሻይ ጋበዝኳት። ለክፍላችን አንድ የኮርስ ቦታ መጥቷል፤ የታጨችው እሷ ናት። ትፈነድቃለች ስል ሻይዋን ደጋግማ አማሰለች። የመጪውን ማክሰኞ ግምገማ አስታወስኳት። ግለ ሂስ ላይ «ሰዓት አላከብርም» በይና ተገላገይ አልኳት። ሁላችንም የምንለው እሱን ነው። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ
ተቃጠልኩ! በመኮንኖቹ ሁሉ ፊት ብድግ ብላ፣ «በስሜ የቀረቡትን ሪፖርቶች የጻፉት ሻምበል ናቸው። እኔ እስካሁን አንድም አልጨረስኩም» አለች። ኮ/ል እዚያው ስሟን ከኮርሱ ሰረዙ። እኔን ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ምን ዓይነት ሞኝ ናት! ባጃጅ መሳፈር አስጠላኝ፤ እስከ ጊደር መጋላ ገበያ በእግሬ። እዚያም ከበርበሬ ነጋዴዋ ጋር ያለ ምክንያት ተጣላሁ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ
ቢሮ ጠራኋት። ለምን አዋረድሽኝ አልኩ። ሰላምታ ሰጥታ ቀጥ አለች።
«ሻምበል፣ ኮርሱ ላይ ማን ይጽፍልኝ ነበር?»
ልቆጣ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። ስድስት ወር ሙሉ አንዴ እንኳ «አንቺው አስተካክለሽ ተመለሽ» ብያት አላውቅም። መጠበቅ ይሰለቸኛል። ደግሞ የጻፍኩላት ያሠለጠናት ሰው ሰነፍ ነው እንዳልባል ነበር። ለእሷ መስሎኝ! አፈርኩ። አሁንም ግን ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ ለይቼ አላውቅም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ፣ ጠዋት 12፡30
እንቅልፍ የለም። የኮርሱ ዝርዝር ሰኞ ይላካል። ከሰልፍ በኋላ ኮ/ል ዘንድ እገባለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቦታዋ ይመለስላት እላለሁ። እንቢ ካሉ በጽሑፍ አቀርባለሁ። የሻለቃነት ማዕረጌ በዚሁ ወር ይታያል፤ ይህን ሰምተው የሚሰጡኝ አይመስለኝም። ይቅር። ፊሽካ ተነፋ፣ ልሂድ።